ወገቡን ያመመው ሁሉ ሰነፍ አይደለም

(በማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ በጸሐፊው የተነበበ ንግግር። ላልተገኙ አባላት እንዲደርስ በሰሌዳው ላይ ተለጥፏል።)



እንደሚታወቀው በደንባችን መሠረት ድንኳን ተከላ ላይ ያልተገኘ አባል ይቀጣል። ደንቡን ያወጣነው እኛው ነን፤ ጥሩ ደንብ ነው። ነገር ግን በቅርቡ ለኮሚቴው ከቀረቡት አቤቱታዎች አንዳንዶቹ «ወገቤን አሞኝ ነው የቀረሁት» የሚሉ ናቸው። መልሳችንስ ምን ነበር? «ትናንት ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ አይተነዋል፣ ሰበብ ነው» ይባላል። ቁስሉ ስለማይታይ ታማሚው ሐሜት ይተርፈዋል። ስለዚህ ኮሚቴው ነገሩን አንብቦ፣ የሚያውቁትንም ጠይቆ የሚከተለውን ያቀርባል። እኛ ሐኪሞች አይደለንም፤ ምርመራን የሚተካ ነገርም አንናገርም።

በመጀመሪያ ነገሩ ምን እንደሆነ እንይ። አከርካሪያችን የተደራረቡ አጥንቶች ነው። በአጥንቶቹ መካከል ዲስክ የሚባሉ 23 ትራሶች አሉ። ዲስክ ዳሩ እንደ ጎማ ጠንካራ፣ መሃሉ ለስላሳና ውሃ የቋጠረ ነው። ዕድሜ ሲገፋ ውሃው ይቀንሳል፣ ትራሱ ይሳሳል፣ ዳሩም ይሰነጠቃል። ከሁሉ በላይ የሚጎዱት ከታች ያሉት ሁለቱ ናቸው፤ ክብደቱ የሚያርፈው እዚያ ነውና።

ሕዝቡ «ዲስክ ተንሸራተተ» ይላል። ዲስኩ ግን እንደ ሳሙና ሸርተት ብሎ አይወጣም። የመሃሉ ለስላሳ ክፍል በስንጥቁ በኩል ወደ ውጭ ይገፋል እንጂ። አጠገቡ ያለውን ነርቭ ከነካ ሕመሙ ከመቀመጫ ተነስቶ እስከ እግር ጣት ይወርዳል። እንግዲህ ከቦታው የወጣ ነገር ከሌለ «ረግጬ ቦታው እመልስልሃለሁ» የሚለው አነጋገር መሠረት የለውም ማለት ነው። ወጌሻ በቀስታ ቢያሽ ጡንቻ ይፍታታል፣ ክፋት የለውም። ጀርባ ላይ መቆም፣ በኃይል መጠምዘዝ፣ በጋለ ብረት መተኮስ ግን ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም።

አሁን ደግሞ ስለ ፎቶ። አንዳንዱ ገንዘብ ተበድሮ ኤም አር አይ ይነሳል። ወረቀቱ «ዲስኩ አርጅቷል» ሲለው ቀብሩን የተነገረው ያህል ይደነግጣል። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ አንድ የጥናቶች ስብስብ ምንም ሕመም የሌላቸውን ሰዎች ምስል ተመልክቷል። በ20 ዓመታቸው ከመቶ 37፣ በ80 ዓመታቸው ደግሞ ከመቶ 96 የሚሆኑት ዲስካቸው ያረጀ ሆኖ ተገኝቷል። የዲስክ ማርጀት እንደ ፀጉር ሽበት ነው ማለት ነው። ፎቶው መጥፎ ሆኖ ሰውየው ደህና ሊሆን ይችላል፤ ፎቶው ደህና ሆኖም ሰውየው ሊሰቃይ ይችላል። ይህን ነገር ልብ በሉ፤ ኋላ ስለ ቅጣቱ ስንነጋገር እንመለስበታለን።

ሕክምናውስ ምንድነው? ዱሮ «ጠንካራ መሬት ላይ ወር ሙሉ ተኛ» ይባል ነበር። አሁንም የሚል አለ። እ.ኤ.አ. በ1986 አሜሪካን አገር በተደረገ ጥናት ግማሾቹ ሁለት ቀን፣ ግማሾቹ ሰባት ቀን እንዲተኙ ተመከሩ። ብዙ የተኙት የተሻለ አልዳኑም፤ ይልቁንም ከሥራ የቀሩበት ቀን በዛ። ዲስክ እንደ ሥጋ የራሱ ብዙ የደም ሥር የለውም፣ ምግቡን ከአካባቢው ይስባል፤ በእንቅስቃሴም ይረዳል። ጡንቻም ተኝቶ ይሟሽሻል። ስለዚህ ሕመሙ እንደበረታ አንድ ሁለት ቀን አረፍ ማለት ይቻላል፤ ከዚያ ቀስ እያሉ መነሳት፣ ጠዋት ፀሐዩ ሳይከር መራመድ፣ የሚቻለውን ሥራ መሥራት ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መመሪያ ለቆየ የወገብ ሕመም ትምህርትና የሰውነት እንቅስቃሴን መክሯል፤ የወገብ ቀበቶ አዘውትሮ መታጠቅን ግን አልደገፈም። ፊዚዮቴራፒ ያለበት ከተገኘ እንቅስቃሴውን አስተካክለው ያሳያሉ።

ሙቀትም ያስታግሳል። ኤረር ፍል ውሃ ሄደው ቀለል ብሏቸው የሚመለሱ አሉ። ሙቅ ውሃ ጡንቻ ያፍታታል፤ ዲስክ ግን አይጠግንም። ያልቻለ ቤቱ በሙቅ ጨርቅ ቢይዘው ያው ነው።

መድኃኒትን በተመለከተ፤ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ለጥቂት ቀን ሕመም ያስታግሳሉ። በየሳምንቱ ያለ ሐኪም ትእዛዝ መርፌ መወጋት ግን ጨጓራን ያቆስላል፣ ኩላሊትን ይጎዳል፣ ደም ግፊት ያለበትንም ያባብሳል። ነርቭ የተነካበት አብዛኛው ሰው ያለ ኦፕራሲዮን በሳምንታትና በጥቂት ወራት ውስጥ ይሻለዋል። ኦፕራሲዮን የሚያስፈልገው ለጥቂቱ ነው።

ሁሉ የወገብ ሕመም ግን የዲስክ አይደለም። የሚከተሉት የታዩበት ሰው ቤቱ አይቆይ።

አንደኛ፤ ሽንት እምቢ ካለ ወይም ካመለጠ፣ ሰገራ መቆጣጠር ካቃተ፣ በጭንና በመቀመጫ መካከል ከደነዘዘ፣ እግር እየከዳ ከሄደ፤ ይህ የሰዓታት ጉዳይ ነው። ሌሊትም ቢሆን ወደ ድል ጮራ ወይም ወደ ሳቢያን ሆስፒታል ማድረስ ነው።

ሁለተኛ፤ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ክሳት ካለ የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ይችላል። ቲቢ ሳንባ ብቻ አይይዝም፤ የአከርካሪ አጥንት በልቶ ያጎብጣል። መድኃኒቱ በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ይሰጣል፣ ቶሎ ከተጀመረም ይድናል። እንደዚሁ ያልፈላ የግመል ወይም የፍየል ወተት የሚጠጣ ሰው ብሩሴሎሲስ የሚባል በሽታ ሊይዘው፣ ትኩሳትና የወገብ ሕመምም ሊያመጣበት ይችላል። ወተቱን ማፍላት ነው።

ሦስተኛ፤ «ኩላሊቴ ነው» የምንለው ነገር አለ። ኩላሊት ያለው ከፍ ብሎ ከጎድን አጥንት ሥር ነው። የኩላሊት ሕመም ብዙ ጊዜ ከሽንት ለውጥ ወይም ከትኩሳት ጋር ይመጣል፤ ጎንበስ ቀና ስላልን አይለዋወጥም። መለየቱ የሐኪም ሥራ ነው።

ወደ ሰፈራችን እንመለስ። ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ሲደርስ የተቆረቆረች፣ ጭነት ስትጭንና ስታወርድ የኖረች ከተማ ነች። የሲሚንቶ ከረጢት 50 ኪሎ፣ የቡና ጆንያ 60 ኪሎ ነው። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ነው፤ እሱን የሚሸከሙት ደግሞ እናቶችና ልጆች ናቸው። ከሰዓት በኋላም በርጫ ላይ ጎብጦ አራት አምስት ሰዓት መቀመጥ አለ። ምርቃናው እያለ ወገብ ትዝ አይልም፤ ለመነሳት ሲሞከር ነው ጉዱ የሚታወቀው። አቦ፣ ቢያንስ በየግማሽ ሰዓቱ ተነስተን እንንጠራራ! ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ የታየው ሰውዬም ቢሆን መቀመጥ ስለቻለ ብረት መሸከም ይችላል ማለት አይደለም።

በመሆኑም ኮሚቴው ለሚቀጥለው ስብሰባ ድምፅ እንዲሰጥባቸው አራት ነገሮች ያቀርባል።

1ኛ. የድንኳኑ ብረትና ትልልቆቹ ብረት ድስቶች ከዕቃ ቤት እስከ ለቅሶ ቤት በጋሪ ይሄዳሉ እንጂ በትከሻ አይሄዱም። የጋሪው ኪራይ ከማኅበሩ ሣጥን ይከፈላል።

2ኛ. አግዳሚ ወንበር ሁለት ሰው ሆኖ ያነሳል። ዕቃን ወደ ሰውነት አስጠግቶ፣ ጉልበት አጥፎ፣ ሳይጠማዘዙ ማንሳት ነው።

3ኛ. ለለቅሶ ቤት ውሃ የሚያመጡ ሰዎች ጀሪካኑን ግማሽ ይሙሉ። ሁለቴ መመላለስ ይሻላል።

4ኛ. ወገቡን የሚያመው አባል አስቀድሞ ለኮሚቴው ካሳወቀ ከሸክም ነፃ ይሁን፤ አይቀጣ። በምትኩ መዝገብ ይያዝ፣ እንግዳ ያስተናግድ፣ ለቀስተኛ ያስቀምጥ። ፎቶና ወረቀት አምጣ አይባል፤ ከላይ እንዳየነው ፎቶ ሕመምን አይለካምና። ደሀው አባላችን የፎቶ ዋጋ ከየት ያመጣል?

«እንግዲያው ሁሉም ወገቤን ይላል» የሚል ተቃውሞ መምጣቱ አይቀርም። ጥቂት ሰው ሊያታልለን ይችል ይሆናል። ያም ቢሆን መዝገብ ይዞ ቀኑን ሙሉ የሚቆም ሰው ከሥራ አላመለጠም። በሌላ በኩል ታሞ ሳለ ቅጣቱን ፈርቶ ብረት ተሸክሞ የሚወድቅ አባል ቢኖር፣ የዚያን ቤት ልጆች የምናበላው እኛው ነን። ማኅበር የተቋቋመው ሰው ሲሞት ለመቅበር ብቻ አይደለም፤ በቁሙም ለመደጋገፍ ነው።

ሐሳባችሁን ይዛችሁ እንድትመጡ በአክብሮት እናሳስባለን።

የማኅበሩ ጸሐፊ
ስለ ኮሚቴው