በኦቭን የሚጋገር የአፕል ቦምቦሊኖ



ዛሬ ተራችሁ እስኪደርስ ድረስ ስለ ጓዳ ጉዳይ እናውጋ። እኔና ባለቤቴ እሑድ እሑድ ለልጆቻችን አፕል የገባበት ቦምቦሊኖ በዘይት እንጠብስ ነበር። አንድ ቀን የሁለት ዓመቷ ልጃችን ተንጠራርታ የመጥበሻውን እጀታ ልትይዝ ስትል አባቷ ለቀም አደረጋት። ዘይቱ ግሎ ይጨሳል! ከዚያ ወዲህ በኦቭን እንጋግረዋለን።

አሠራሩ እነሆ። ሁለት የጨንቻ አፕል ልጣችሁ የሽምብራ ያህል አድርጋችሁ ክተፉ፤ እንዳይጠቁር ሎሚ ጠብ አድርጉበት። አትፈቅፍቁት፤ ውኃው ሊጡን ያቀጥነዋል። 2 ኩባያ የፉርኖ ዱቄት፣ 2 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ ሩብ ኩባያ ስኳር፣ ትንሽ ጨውና ቀረፋ ደባልቁ። በሌላ ዕቃ 1 እንቁላል፣ 3/4 ኩባያ ወተትና 2 የሾርባ ማንኪያ የቀለጠ የገበታ ቅቤ መትታችሁ ከዱቄቱ ጋር ቀላቅሉ፤ አፕሉንም ጨምሩ። ዱቄቱ እንደራሰ ማማሰሉን ተዉ፤ ብዙ ከታሸ ይደድራል። ሊጡ ከማንኪያ በግድ የሚወርድ ይሁን።

ቅቤ በተቀባ ትሪ ላይ በማንኪያ እያራራቃችሁ ጣል ጣል አድርጉ። አስቀድሞ በ200 ዲግሪ በጋለ ኦቭን ከ15 እስከ 18 ደቂቃ ይበቃዋል። ስንጥር ስትወጉት ደርቆ ከወጣ በስሏል። የኦቭኑ በርም ይፋጃልና ልጆች አይጠጉ።

እውነቱን ለመናገር፣ እንደተጠበሰው አይንኮሻኮሽም። በትኩሱ ብሉት፤ ካደረ ይለሰልሳል። በእኛ ቤት አሁን የሊጡ ኃላፊ ባለቤቴ ነው፤ እኔ አፕል እከትፋለሁ፣ ልጅቷ በመጨረሻ ስኳር ትነሰንሳለች፣ ግማሹን ወለሉ ላይ።