በጥቂት ገንዘብ ጥሩ የቪዲዮ ማስታወቂያ ስለ መሥራት

(ለትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል በተሰበሰቡት ወላጆች፥ መምህራንና ተማሪዎች ፊት የተደረገ ንግግር)



 የምናገረው በጥቂት ገንዘብ የባለሙያ ሥራ የሚመስል የቪዲዮ ማስታወቂያ እንዴት እንደሚሠራ ነው። ምናልባት አንዳንዶቻችሁ «ይህ ልጅ ትምህርቱን ትቶ ነጋዴ ሊሆን ነው ወይ?» ትሉ ይሆናል። እኔ ግን የምነግራችሁ እኔና ሦስት ጓደኞቼ ባለፈው ክረምት ከትምህርት ቤት ውጭ ያገኘነውን ትምህርት ነው።

በሽሮ ሜዳ ሰፈር አባባ እያልን የምንጠራቸው አንድ ሽማግሌ ሸማኔ አሉ። ነጠላ፥ ጋቢና ባለ ጥበብ ቀሚስ ይሸምናሉ። ከጥቂት ጊዜ ወዲህ ግን የጥበብ መልክ የታተመበት የፋብሪካ ጨርቅ በርካሽ ስለሚሸጥ ገበያቸው ቀዘቀዘ። አንድ ቀን፥ «ልጆቼ፥ ኪራዩን መክፈል ካቃተኝ መስከረም ሳይጠባ ቤቱን መዝጋቴ ነው» አሉን። ማስታወቂያ የሚሠራ ባለሙያ ቢጠይቁ የተነገራቸው ዋጋ ከሦስት ወር ኪራይ በለጠ። እኛም፥ «አባባ፥ እኛ እንሠራልዎታለን» ብለን በድፍረት ቃል ገባን።

የመጀመሪያው ሥራችን ግን የሚያሳፍር ነበር። ስልካችንን በእጃችን ይዘን እየተራመድን ስላነሣን ሥዕሉ ሁሉ ተንቀጠቀጠ። ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው ስለ ተቀመጡ ብርሃኑ ከኋላቸው ሆኖ ፊታቸው ጠቈረ። በመካከሉ ዝናብ መጣና የቆርቆሮው ጩኸት ንግግራቸውን ዋጠው። ከሁሉም የከፋው ግን፥ ማስታወቂያው እንዲያምር ብለን የሌሎች ሰዎችን የተዋበ ቀሚስ ሥዕል ከኢንተርኔት ወስደን ጨመርንበት።

ለአባባ ስናሳያቸው ዝም ብለው እስከ መጨረሻው ተመለከቱ። ከዚያም፥ «ልጆቼ፥ ቀሚሱ ያምራል፤ ነገር ግን የኔ እጅ ሥራ አይደለም። ሰው ይህን አይቶ መጥቶ ሌላ ቢያገኝ ምን ብዬ እመልስለታለሁ?» አሉን። እኛም አፍረን አንገታችንን ደፋን። በኋላ እንደ ተረዳነው፥ የአገራችን የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። አባባ ግን አዋጁን ሳያነቡ ነው ያወቁት።

እንግዲህ ሥራውን እንደገና ጀመርን። በዚያን ጊዜ የተማርነውን በአጭሩ ላስረዳ።

አንደኛ፥ ካሜራውን ከማንሣት በፊት የሚታየውን አንድ ነገር መምረጥ ያስፈልጋል። በአሜሪካ በይፋ ከተፈቀዱት የቴሌቪዥን ማስታወቂያዎች የመጀመሪያው የሚባለው፥ በአውሮፓ አቈጣጠር ጁላይ 1 ቀን 1941 ቡሎቫ የተባለው የሰዓት ኩባንያ በኒው ዮርክ ያሳየው ነው። የታየው የአሜሪካ ካርታና አንድ ሰዓት፥ የተሰማውም አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ሲሆን፥ የፈጀው ጊዜ ዐሥር ሴኮንድ ያህል ነው። እንዲሁም በአውሮፓ አቈጣጠር በ2012 ዶላር ሼቭ ክለብ የተባለ ምላጭ ሻጭ ኩባንያ በ4,500 ዶላር ገደማ በሠራው ቪዲዮ ስሙ በዓለም ተሰማ። በቪዲዮው ውስጥ የተናገረውም የተቀጠረ ዝነኛ ተዋናይ ሳይሆን፥ ከኩባንያው መሥራቾች አንዱ ራሱ ነበር።

እኛም አባባን፥ «የእርስዎ ሥራ ከታተመው ጨርቅ በምን ይለያል?» ብለን ጠየቅናቸው። መልስ ሳይሰጡ ነጠላውን ገለበጡት። የታተመው ጨርቅ በጀርባው ቀለሙ ይደክማል፤ በእጅ የተሸመነው ግን ክሩ ራሱ ቀለም ያለው ስለ ሆነ ጥበቡ በጀርባውም ይገኛል። ማስታወቂያችን ይህ ሆነ።

ሁለተኛ፥ ብርሃን በነጻ ይገኛል። አባባን ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረን አስቀመጥናቸው፤ በሌላው ጎን ሁለት ሜትር ነጭ አቡጀዲ ዘርግተን ብርሃኑ እንዲመለስ አደረግን። የክረምት ደመና ለፊት ተስማሚ የሆነ ለስላሳ ብርሃን ይሰጣል። ፀሐይ ከሆነ ደግሞ የቀትሩን ትቶ የጧቱን ወይም ወደ ማታ ያለውን መጠቀም ይሻላል፤ ቀትር ላይ ጥላው ከዐይን በታች ይወድቃልና። በአምፑል ብርሃን የሚሠራ ሰው ቢኖር፥ የአገራችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለ ሆነ፥ ስልኩን በሴኮንድ 25 ሥዕል፥ የመዝጊያውንም ፍጥነት በ1/50 ሴኮንድ ቢያደርገው የመብራቱ መርገብገብ ይቀንስለታል።

ሦስተኛ፥ ካሜራው ይቁም። ባለ ሦስት እግር ማስቆሚያ ከጎረቤት ተዋስን፤ ያ ባይገኝ መጽሐፍ ደራርቦ ስልኩን ማስደገፍ ይበቃል።

አራተኛ፥ ለድምፅ ተጠንቀቁ። ሰው ሥዕሉ ትንሽ ቢደበዝዝ ይታገሣል፤ ንግግሩ ካልተሰማው ግን ትቶ ይሄዳል። ዝናቡ እስኪያባራ ጠበቅን፤ ከልብስ ላይ የሚሰካ ትንሽ ማይክሮፎን ገዛን፤ ቤቱ እንዳያስተጋባ በግድግዳው ላይ ጋቢ ሰቀልን። ዘፈን ለመጨመር አስበን ነበር፤ ነገር ግን የዘፋኙ ሥራ ያለ ፈቃድ የሚወሰድ ንብረት አይደለም፤ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ይጠብቀዋል። ስለዚህ የአባባን መወርወሪያ ድምፅ ቀድተን በሙዚቃ ፈንታ አሰማነው።

አምስተኛ፥ አሳጥሩ። የቀረጽነው አርባ ደቂቃ ነበር፤ ያስቀረነው ሠላሳ ሴኮንድ ነው። የቈረጥንበትና የቀጠልንበት ፕሮግራም ያለ ክፍያ የሚገኝ ነው። ብዙ ሰው በስልኩ ድምፁን ዘግቶ ስለሚያይ፥ የተናገሩትን በጽሑፍ፥ አድራሻውንም በጉልህ ፊደል ከሥዕሉ በታች አስቀመጥን።

ወጪያችን ለማይክሮፎኑ 700 ብር፥ ለአቡጀዲው 260 ብር፥ ለታክሲ 240 ብር፥ በጠቅላላው 1,200 ብር ነበር። ሻዩንና ዳቦውን የቻሉት አባባ ናቸው።

ማስታወቂያው አባባን ባለጠጋ አላደረጋቸውም። ነገር ግን በሦስተኛው ሳምንት አንዲት እናት ስልካቸውን ይዘው መጡ፤ ነጠላውንም ልክ በቪዲዮው እንዳዩት ገልብጠው ተመለከቱና፥ «እውነትም ነው» ብለው ሁለት ገዙ። ከዚያ በኋላ ሌሎችም መጡ። መስከረም ሲጠባ የአባባ በር ክፍት ነበር። ያቺ እናት የተበደርነውን ቀሚስ አይተው ቢመጡ ኖሮ ምን እንል ነበር እያልኩ አሁንም አስባለሁ።

ውድ ጓደኞቼ፤ በየሰፈራችን ዳቦ የሚጋግሩ፥ ጫማ የሚሰፉ፥ ወንበር የሚሠሩ ወላጆችና ጎረቤቶች አሉን። ሥራቸው ጥሩ ሆኖ ሳለ የሚያሳውቅላቸው ስላጡ ብቻ ይከስራሉ። በኪሳችን ያለው ስልክ ለጨዋታ ብቻ እንዳይውል፥ በመጪው ክረምት እያንዳንዳችን አንድ አንድ ሰው እንርዳ እላለሁ። ለብቻ የከበደንንም በኅብረት እንሥራው፤ አባቶቻችን «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ያሉት ለዚህ ነው። የሌላውን ሥራ ግን የእነርሱ አስመስለን አናሳይ።

 ለትምህርት ቤታችን ረጅም ዕድሜ እመኛለሁ።