የፒካፓችንን የኋላ ዲፈረንሻል ዘይት በግቢያችን ስለ መቀየር
(በአባላት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



የዛሬው ርእስ ከሂሳብ ክፍል መምጣቱ የገረማችሁ ትኖራላችሁ። "ሂሳብ ያዦች መኪና ሥር ምን አገባቸው?" ያላችሁ ካላችሁ መልሱ ደረሰኝ ነው። የፒካፓችንን ወጪ ስንመዘግብ፣ ነዳጅ ሲሞላ ጌጁ ያሳያል፤ ጎማ ሲገዛ ጎማው ይታያል፤ ባትሪ ሲቀየር አሮጌው ተመልሶ ይመጣል። የዲፈረንሻል ዘይት ግን በብረት ውስጥ ተዘግቶ የሚኖር ነገር ነው። ተቀየረ ተብሎ ደረሰኝ ሲመጣ፣ ቡሎኑን ፈትቶ ካላየ በቀር መቀየሩን የሚያውቅ የለም። እኛ ፈተን አየን። ስሙን እዚህ የማንጠራው አንድ ጋራዥ ሦስት ሊትር አዲስ ዘይት አስገባሁ ብሎ ካስከፈለን ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ከውስጡ የወጣው አንድ ሊትር ተኩል የማይሞላ፣ እንደ ጥቀርሻ የጠቆረ ዘይት ነበር። ከሥሩ የፈሰሰበት ምልክትም አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ይህን ሥራ ከሾፌራችን ጋር ሆነን ራሳችን እንሠራዋለን።

ዲፈረንሻል የሚባለው፣ በሁለቱ የኋላ ጎማዎች መካከል ባለው ወፍራም ብረት ላይ መሐሉ እንደ ቅል ያበጠው ክፍል ነው። ከሞተሩ በረጅሙ ዘንግ የመጣውን ጉልበት ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያከፋፍለው እሱ ነው። ለምን እንደሚያስፈልግ አውድማ ላይ ከብት የነዳች ሁሉ ታውቃለች። በሬዎች ጎን ለጎን ሆነው እየዞሩ ሲያበራዩ የውጪው በሬ ብዙ ይራመዳል፤ የውስጡ እዚያው አካባቢ ይረግጣል። እኩል ይራመዱ ቢባል መዞር አይቻልም። መኪናም ሲታጠፍ የውጪው ጎማ ከውስጡ የበለጠ ይጓዛል፤ ይህን ልዩነት የሚያቻችሉት በዲፈረንሻሉ ውስጥ ያሉት ጥርሶች ናቸው። ትልቁን ክብ ጥርስ መካኒኮች ኮሮና፣ እሱን የሚያዞረውን ትንሹን ፒኞን ይሉታል። ሁለቱ የሚገጥሙት እየተጫኑ ብቻ ሳይሆን እየተንሸራተቱም ስለሆነ፣ ተራ ዘይት በመካከላቸው አይቆምም።

ከፍኖተ ሰላም በማንኩሳ አድርጎ ቡሬ መድረስ በአስፋልት ነውና ለመኪናው ቀላል ነው። ፈተናው ከአስፋልቱ ስንወርድ ይጀምራል። ወደ ወንበርማ ወይም ወደ ቋሪት ቀበሌዎች በርበሬና በቆሎ ልንጭን ስንገባ፣ በበጋ አቧራው፣ በክረምት ጭቃውና የወንዝ መሻገሪያው አለ። ጭነት ተሸክሞ ዳገት የወጣ ዲፈረንሻል እጅ አያስነካም። እንደ ጋለ ወንዝ ሲገባ በድንገት ይቀዘቅዛል፤ ያን ጊዜ በውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና ከውጪ መሳብ ይጀምራል። ከላዩ አየር የሚያስገባና የሚያስወጣ ትንሽ መተንፈሻ አለው። እሱን ውኃ ከሸፈነው፣ ወይም ጭቃ ደፍኖት አየሩ በጎማ ማገጃዎቹ በኩል መንገድ ከፈለገ፣ ውኃ ከዘይቱ ጋር ይደባለቃል። ስለዚህ ለእኛ የሚስማማው ጊዜ ክረምቱ እንደ ወጣ፣ በጥቅምት፣ የበርበሬና የበቆሎው ጭነት ሳይበረታ ነው። አምራቾች እንደ ሞዴሉ የተለያየ ቁጥር ያስቀምጣሉ፤ በደህና መንገድ ለሚሄድ 40,000 ኪሎ ሜትር የተለመደ ነው፤ ጭነትና አቧራ ለሚበዛበት ወደ ግማሽ ይወርዳል። የእኛን መንገድ የምታውቁ በየትኛው እንደምንመደብ መንገር አያስፈልጋችሁም።

ዘይቱ ካለቀ ወይም ከተበላሸ መጀመሪያ ድምፅ ይመጣል፤ ፍጥነት ሲጨመርና ሲቀነስ ከኋላ የሚያላዝን ድምፅ። ቀጥሎ ኩሽኔታው ይቃጠላል፤ ጥርሶቹ እርስ በርሳቸው ይበላላሉ። የባሰው ደግሞ መኪናው እየሄደ የኋላ ጎማዎቹ ድንገት ሊነክሱ ይችላሉ። በሌሊት ምጥ የያዛት እናት ጭነን ወደ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል የምንሮጠውም በዚሁ ፒካፕ ነውና፣ ጉዳዩ የገንዘብ ብቻ አይደለም።

ዘይት ስንገዛ ቆርቆሮው ላይ ሁለት ነገር እናነባለን። አንዱ ጂኤል-5 የሚለው ነው፤ ከባድ ጫና ለሚችል የዲፈረንሻል ዘይት የተሰጠ ደረጃ ነው። ሁለተኛው ውፍረቱ ነው፤ 80ደብልዩ-90 የሚለው ለብዙ ፒካፖች ይሆናል፤ ሰው በተለምዶ ዘጠና ቁጥር የሚለው ማለት ነው። የመኪናው መመሪያ ሌላ ካለ መመሪያው ይከበር። ለዲፈረንሻል የገዛነውን ግን "ተረፈ" ብለን ካምቢዮ ውስጥ አንጨምርም። በጂኤል-5 ውስጥ ያለው ድኝ የበዛበት ቅመም በአንዳንድ ካምቢዮዎች ያሉትን የነሐስ ቀለበቶች ሊጎዳ ይችላል። የሞተር ዘይትም እዚህ ቦታ የለውም። የቆርቆሮው ማሸጊያ የተነካካ ከመሰለን አንገዛም።

አሁን ወደ ሥራው። ፒካፑ ጥቂት ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ ዘይቱ ለብ ሲልና ሲቀጥን ሜዳ ቦታ ላይ እናቆመዋለን። የእጅ ፍሬን ይያዛል፤ ማርሽ ይገባል፤ ከፊትና ከኋላ ጎማዎች ትልልቅ ድንጋይ ይደረጋል። ፒካፕ ከመሬት ከፍ ያለ ስለሆነ ሳይነሣም ከሥሩ ተጋድሞ መሥራት ይቻላል። በክሪክ ብቻ በተንጠለጠለ መኪና ሥር ግን ማንም አትገባም፤ ይህ በማኅበራችን የማይደራደሩበት ነው። ነጠላ ይውለቅ፤ ፀጉር በሻሽ ይታሰር። የሚያልፉ ወንዶች ቆመው ያያሉ፤ ይዩ።

ዲፈረንሻሉ ላይ ሁለት ቡሎኖች አሉ። ከሥሩ ያለው የማፍሰሻው ነው፤ ከፍ ብሎ ያለው የመሙያው። የእኛ ሃይሉክስ ሁለቱንም በ24 ቁጥር ቁልፍ ይፈታል። ዙሪያቸው በሽቦ ብሩሽ ተጠርጎ፣ ሁልጊዜ መጀመሪያ የሚፈታው የላይኛው የመሙያ ቡሎን ነው። ይህን እባካችሁ ያዙት። ብዙ ዓመት ሳይከፈት የኖረ ቡሎን በዝገትና በጭቃ ተጣብቆ እምቢ ሊል ይችላል። የታችኛውን ፈተን ዘይቱን ካፈሰስን በኋላ የላይኛው እምቢ ቢል፣ አዲሱን የምናስገባበት የለም፤ መኪናው ባዶ ዲፈረንሻል ይዞ ግቢ ቆሞ ይቀራል። የላይኛው ከተፈታ በኋላ ብቻ ሳፋ ከሥር አድርገን የታችኛውን እንፈታለን። ሽታው ከባድ ነው፤ ልብስ ላይ ከነካ ቶሎ አይለቅም።

የወጣውን ዘይት ማንበብ እንችላለን። ጠቁሮ ግን የጠራ ከሆነ ሥራውን የሠራ ዘይት ነው። ማኪያቶ የመሰለ ከሆነ ውኃ ገብቶበታል፤ መተንፈሻው መታየት አለበት። በጣት ሲታሽ እንደ ዱቄት የላመ ግራጫ ብረት ቢኖር የተለመደ መበላት ነው። በጥፍር የሚለይ ስብርባሪ ካለ ግን ዘይት መቀየር አያድነውም፤ ወደ መካኒክ ይሄዳል።

ከዚያ ዘይቱ ይለካል። እዚህ ላይ የሂሳብ ሰውነታችንን ታገሡን። የወጣውን በባዶ የዘይት ቆርቆሮ ለክተን እንጽፋለን፤ የገባውንም እንጽፋለን፤ ከጎኑ ቀኑንና መኪናው የቆጠረውን ኪሎ ሜትር። ባለፈው ሦስት ሊትር ገብቶ ዘንድሮ ሁለት ተኩል ከወጣ፣ ግማሹ ሊትር የሆነ ቦታ ሄዷል፤ በጎማ ውስጥ በኩል ወይም በዘንጉ መግቢያ እርጥበት እንፈልጋለን። ገንዘብ ያዥ ሣጥን እንደምትቆጥረው ነው።

የታችኛው ቡሎን ተጠርጎ፣ የተጎዳ ሮንዴላ ካለው በአዲስ ተተክቶ ይገጠማል። ይጠብቃል፤ ነገር ግን ቁልፉ ላይ ቧንቧ አስረዝሞ መታገል ጥርሱን ይበላዋል። አዲሱ ዘይት በእጅ ፓምፕ ወይም በረጅም ቀጭን ጎማ በመሙያው ቀዳዳ ይገባል። ወፍራም ስለሆነ ቀስ ይላል፤ ቡና አንድ ጊዜ ይፈላበታል። ከቀዳዳው መፍሰስ ሲጀምር ሞልቷል። ትርፉ ፈስሶ ሲያቆም ትንሿን ጣት ቀልበስ አድርጎ ማስገባት ነው፤ ዘይቱ ከቀዳዳው ከንፈር ሥር መንካት አለበት። ከዚህ በኋላ የላይኛው ይዘጋል። ትንሽ ተነድቶ ሲመለስ ሁለቱም ቡሎኖች ደረቅ መሆናቸው ይታያል።

አሮጌውን ዘይት ለአጥር እንጨት፣ ለምስጥ መከላከያ የምትጠይቁን አላችሁ። ብዙ ቤት እንደሚደረግ እናውቃለን። እኛ ግን አንሰጥም፤ ዝናብ ሲያጥበው ወደ ጓሮው ጎመንና ወደ ጉድጓዱ ውኃ ይወርዳልና። በጀሪካን ተከድኖ፣ ተጽፎበት መጋዘን ይቀመጣል፤ ሲጠራቀም የተቃጠለ ዘይት ለሚሰበስብ እናስረክባለን።

የሚቀጥለው ቅያሪ በጥቅምት፣ ገበያ በሌለበት ቀን ጠዋት በግቢያችን ይሆናል። መማር የምትፈልጉ ስማችሁን ለጸሐፊዋ ስጡ። ከመኪናው ሥር ያለው ቦታ ጠባብ ስለሆነ በአንድ ጊዜ ከአራት ሰው በላይ አንይዝም። አሮጌ ልብስ ለብሳችሁ ኑ። ደጋፊዎቻችን መዝገቡን ማየት ከፈለጋችሁ ዛሬ ከሻይ በኋላ ቢሮአችን ክፍት ነው።