ቃልን በካርድ ስለ ማጥናት
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



የምናገርበት ነገር ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን የብዙዎቻችንን ዕድል የሚነካ ነው። ይኸውም አንድን ቃል አጥንቶ ሳይረሱ የመያዝ ዘዴ ነው።

እንደሚታወቀው ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ሒሳቡም ሳይንሱም ጂኦግራፊውም በእንግሊዝኛ ይሰጠናል፤ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናም በዚሁ ቋንቋ ይቀርባል። የ2014 ዓ.ም.ን ፈተና በመላው አገራችን ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያገኙት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም። ሆኖም የጥያቄው ቃል ያልገባው ተማሪ፥ ትምህርቱን ቢያውቅ እንኳ መልሱን ለማግኘት ይቸገራል።

ብዙዎቻችን ቃላትን የምናጠናው በደብተር ላይ በተርታ ጽፈን፥ ከላይ እስከ ታች ደጋግመን በማንበብ ነው። እንዲህ ያጠና ሰው ቃሉን ያወቀ ይመስለዋል፤ የያዘው ግን ተራውን ነው። የቀድሞ መምህራን ይህን አሳምረው ያውቁ ነበር። በቄስ ትምህርት ቤት ሕፃኑ ሀ ሁ ሂን እንደ ዜማ ካወረደ በኋላ አቡጊዳ ይሰጠዋል። አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ እያለ ሲሄድ ፊደሉም ድምፁም በየእርምጃው ይለዋወጣል፤ የለመደው ዜማ ስለማይረዳው የእያንዳንዱን ፊደል መልክ ለይቶ ማወቅ ግድ ይሆንበታል። በቁርኣን ትምህርት ቤትም ልጁ በእንጨት ሉሕ ላይ የተጻፈለትን በቃሉ ለመምህሩ ካላሰማ በቀር፥ ሉሑ ታጥቦ አዲስ ክፍል አይጻፍለትም። ሁለቱም የሚያስተምሩን አንድ ነገር ነው፤ ዕውቀት የሚጸናው በማየት ሳይሆን ተጠይቆ በመመለስ ነው።

ዛሬ በኮምፒዩተርና በእጅ ስልክ የሚሠሩት የጥናት ካርድ ፕሮግራሞች መሠረታቸው ይኸው ነው። ከካርዱ ፊት ላይ ጥያቄ፥ ከጀርባው መልስ ይጻፋል። ተማሪው መልሱን በልቡ ካሰበ በኋላ ካርዱን ገልብጦ ያመሳክራል። ያወቀው ካርድ ከቀናት በኋላ፥ ቀጥሎም ከሳምንታት በኋላ ይመለስለታል፤ የሳተው ግን ቶሎ ይመጣበታል። ኤቢንግሃውስ የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1885 ባሳተመው መጽሐፍ፥ ሰው የተማረውን በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት በብዛት እንደሚረሳ፥ በየጊዜው ተከፋፍሎ የተጠና ግን በአንድ ጊዜ ከተጠናው ይልቅ እንደሚቆይ በራሱ ላይ ሞክሮ አሳይቷል።

በዚሁ አቆጣጠር በ2006 የወጣው አንኪ የተባለው ፕሮግራም የቀኑን ሒሳብ ራሱ ይይዛል፤ ስሙም በጃፓንኛ በቃል ማጥናት ማለት ነው። በኮምፒዩተርና በአንድሮይድ ስልክ ያለ ክፍያ ይገኛል፤ ካርዶቹ አንድ ጊዜ ከተጫኑ በኋላ ኔትወርክ ባይኖርም ይሠራል። ኩዊዝሌት የተባለውን ደግሞ በ2005 የጀመረው አንድሪው ሰዘርላንድ የተባለ የ15 ዓመት አሜሪካዊ ተማሪ ነው፤ ለፈረንሳይኛ ትምህርቱ ቃላት ማጥኛ ፈልጎ ነበር። ጓደኞቼ ሆይ፤ እርሱም እንደ እኛ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ እንደ ነበረ ልብ በሉ።

ምናልባት፥ «ስልክ የሌለው ምን ያድርግ?» ትሉ ይሆናል። ላይትነር የተባለ ሰው በ1972 ያስተዋወቀው ዘዴ ወረቀትና ሣጥን እንጂ ሌላ አይጠይቅም። ካርቶን በ5 ክፍል ይከፈላል። አዲስ ካርድ ሁሉ በ1ኛው ክፍል ይጀምራል፤ የተመለሰው ወደሚቀጥለው ክፍል ያልፋል፤ የተሳተው ወደ 1ኛው ይመለሳል። 1ኛው ክፍል በየቀኑ ይጠየቃል፤ የኋለኞቹ እያደር በረዘመ ጊዜ ይጠየቃሉ። ካርዱ ከአሮጌ ደብተር ሊቆረጥ ይችላል።

ይሁን እንጂ ካርድ ብቻውን አያስተምርም። «ወርክ» የሚለውን ቃል «ሥራ» ብሎ የጻፈ ተማሪ ፊዚክስ ላይ ይሰናከላል። በደጎሎ ገበያ አንድ ሰው ጆንያ ስንዴ ተሸክሞ ሳይንቀሳቀስ ቢቆም ላቡ ይንጠፈጠፋል፤ በፊዚክስ ሕግ ግን ጆንያው ስላልተንቀሳቀሰ በጆንያው ላይ ሥራ አልሠራም። ስለዚህ ቃሉ ከነዐረፍተ ነገሩ፥ ከነትምህርት ዓይነቱ መጻፍ አለበት፤ መጽሐፉንም ማንበብ አይቀርም።

በዚህ ምክንያት ሦስት ነገር እለምናለሁ። እናንተ መምህራን፥ ከየትምህርቱ ዋና ዋናዎቹን ቃላት ምረጡልን፤ ካርዶቻችንንም አርሙልን። እናንተ ወላጆች፥ ማታ 20 ደቂቃ ከሥራ አሳርፉን። ማንበብ ባትችሉም እንኳ ካርዱን ይዛችሁ፥ «ይህ ምን ማለት ነው?» ብላችሁ ጠይቁን፤ መልሳችን መፍጠኑን ወይም መደናቀፉን ጆሯችሁ ይለየዋል። እኛ ተማሪዎች ደግሞ በየክፍላችን አንድ ሣጥን እናዘጋጅ። በትምህርት ቀን 10 ቃል ብንይዝ በሳምንት 50፥ በ30 ሳምንት 1,500 ቃል ይሆናል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደ ተባለው፥ ዛሬ የሚያስፈራን የፈተና ወረቀት ያን ጊዜ የምናውቀውን ቋንቋ ይናገረናል።