አቀበቱና ሰላምታው፦ ብስክሌተኞች በመተማና በአይከል መንገድ ምን አገኙ?



ከጎንደር ተነሥቶ በአዘዞ በኩል ወደ ምዕራብ የሚጓዝ ሰው 60 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄድ የጭልጋዋን አይከልን ያገኛል። ከተማዋ 2,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። ከእርሷ ወዲያ መንገዱ ወደ ቆላ ይወርዳል፤ ነጋዴ ባሕርንና ገንዳ ውኃን አልፎ 700 ሜትር ገደማ ከፍታ ካላት መተማ ይደርሳል። መስመሩ አዲስ አይደለም። ጎንደር መናገሻ በነበረችበት ዘመን በጎንደርና በስናር መካከል የሚመላለሰው ነጋዴ የሚያልፍበት፣ ጭልጋም የቀረጥ ኬላ የነበረችበት መንገድ ነው። ዛሬ የምናገረው በዚሁ መንገድ ስለ መጣ ሌላ ዓይነት መንገደኛ፣ ስለ ብስክሌተኛው ነው።

በጥር 1995 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2003) ጥቂት ብስክሌተኞች ከካይሮ ተነሥተው ወደ ኬፕ ታውን ጉዞ ጀመሩ። ጉዞውን የመሠረተው ሄንሪ ጎልድ የተባለ ሰው ሲሆን፣ መቀመጫውን በካናዳ ቶሮንቶ ያደረገው ድርጅቱ «ቱር ዳፍሪክ» በሚል ስም በየዓመቱ ማካሄዱን ቀጠለ። ርቀቱ 12,000 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ጊዜው አራት ወር ገደማ ነበር። ተሳታፊዎቹ በሙያ ብስክሌተኞች አይደሉም፤ አብዛኞቹ ከሥራቸው ፈቃድ ወስደው ወይም ጡረታ ወጥተው የመጡ ሰዎች ናቸው። ከፊሎቹ ሰዓት አስይዘው ይወዳደሩ ነበር፤ ከፊሎቹ የሚሹት መድረስን ብቻ ነበር። በመካከላቸው ልዩ ክብር የሚሰጠው አንዲት ስንዝር እንኳ በመኪና ሳይጫን ሙሉውን መንገድ በፔዳል ለጨረሰ ሰው ነው።

ዝግጅቱ የሚደነቅ ነው። ማታ ማታ የነገው መንገድ በሰሌዳ ላይ ተጽፎ ይነበባል፤ መታጠፊያዎች በቀለማም ጥብጣብ ይመለከታሉ። በእኩለ መንገድ የምሳ መኪና ይጠብቃል፤ ሐኪምና መካኒክ አብረው ይጓዛሉ፤ ሻንጣና ድንኳን በመኪና ቀድመው ይደርሳሉ። ለብስክሌተኛው የቀረለት ሥራ አንድ ነው፤ ፔዳሉን መርገጥ።

እንግዲህ አቀበቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ተጓዦቹ ሳምንታት በሱዳን ሜዳ ላይ ከነዱ በኋላ የካቲት አካባቢ በመተማ ይገቡ ነበር፤ ከዚያ እስከ ጎንደር ያለውን በአብዛኛው በሁለት ቀን ይጨርሱት ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት መንገዱ ጠጠር ነበር፤ ኋላ አስፋልት ሆነ። አስፋልት ግን ጎማን ያቀልላል እንጂ ተራራን አያወርድም። ብስክሌቱን ጨምሮ 95 ኪሎ ግራም የሚመዝን ተጓዥ ከመተማ ወደ አይከል 1,500 ሜትር ሲወጣ፣ ለከፍታው ብቻ 1,300 ኪሎ ካሎሪ ያህል ያወጣል። በመካከል የሚወርደውና ተመልሶ የሚወጣው፣ የቆላው ሙቀትም በዚህ ስሌት ውስጥ አልገቡም።

ተጓዦቹ ከጻፏቸው ማስታወሻዎች ሁለት ነገሮች ተደጋግመው ይነበባሉ። አንደኛው የአገሩ ውበትና የአቀበቱ ጭካኔ ነው፤ ኢትዮጵያን ከጉዞው ሁሉ ውብ፣ ከጉዞው ሁሉም አድካሚ ብለው የሚጽፉ ብዙዎች ናቸው። ሁለተኛው የመንገድ ዳር ልጆች ናቸው። «ዩ! ዩ!» የሚለው ጩኸት፣ «ሃይላንድ!» እያሉ ባዶ የውኃ ላስቲክ መለመን፣ አንዳንዴም የሚወረወር ድንጋይ። ይህን መሸፋፈን ለምሁር አይገባም፤ ድንጋይ ሰው ያቆስላል፣ ቁልቁል የሚበርን ብስክሌተኛም ሊገድል ይችላል።

ከዚህ ተነሥተው ብዙዎች የሱዳንን ሻይ ከኢትዮጵያ ድንጋይ ጋር ያነጻጽራሉ፤ ያኛው ሕዝብ ደግ፣ ይኼኛው ክፉ ወደሚል ፍርድም ይደርሳሉ። እኔ ፍርዱን አልቀበልም፤ ምክንያቴም ከፊዚክስ ይጀምራል።

150 ዋት ኃይል የሚያወጣ ተጓዥ በሜዳ ላይ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። ያው ሰው፣ በዚያው ጉልበት፣ ከመቶ ስድስት በሚሆን አቀበት ላይ 9 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ይሄዳል። የአሥራ አንድ ዓመት እረኛ ከዚህ በላይ ይሮጣል። በሜዳ ላይ ብስክሌተኛው የሚያልፍ ጥላ ነው፤ በአቀበት ላይ ግን ልጁ ጎኑ ሆኖ መሮጥ፣ ማየት፣ መጠየቅ፣ መልስም መጠበቅ ይችላል። በሰሜን ሱዳን በረሃ ከመንደር መንደር ርቀቱ ሰፊ ነው፤ ደገኛው አገራችን ግን በሰው የተሞላ ነው። ትምህርት ቤቶቻችን በብዙ ቦታ በፈረቃ ስለሚያስተምሩ፣ በየትኛውም ሰዓት ከልጆቹ ከፊሉ መንገድ ላይ ነው። ስለዚህ የሱዳኑና የኢትዮጵያው ልምድ ሁለት ጠባዮችን ከማነጻጸሩ በፊት ሁለት ፍጥነቶችንና ሁለት የሕዝብ አሰፋፈሮችን ያነጻጽራል።

በልጁ በኩል ደግሞ እንየው። በባህር ዳር ሜዳ ብስክሌት የዕለት መጓጓዣ ነው፤ በጭልጋ አቀበት ግን ብርቅ ነው። ልጁ የሚያየው ጭንቅላቱን የደፋ፣ ዓይኑን በጥቁር መነጽር የሸፈነ፣ ቃል የማይተነፍስ ሰው ነው። በእኛ አገር ሥርዓት ሰላምታ ቀድሞ የሚሰጠው ማን ነው? አላፊው ነው። መንገደኛ የተቀመጠውን «እንዴት ዋላችሁ» ይላል፤ ገበሬውን «ያበርታችሁ» ብሎ ያልፋል። ነዋሪውም ሸክም ይዞ ዳገት የሚወጣውን «አይዞህ» ይለዋል። ዝም ብሎ ያለፈ ሰው ወይ ተቆጥቷል፣ ወይ ንቋል። ብስክሌተኛው ግን አልናቀም፤ ትንፋሽ አጥሮት ነው። «ለአገሩ እንግዳ፣ ለሰዉ ባዳ» የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። ልጁ የትንፋሹን ማጠር አያውቅም፤ እንግዳው የሰላምታውን ሕግ አያውቅም።

ይህን የምለው ድንጋይ ወርዋሪውን ነፃ ለማውጣት አይደለም። ከብት በድንጋይና በጅራፍ መመለስ የለመደ እጅ ሰውን ከከብት መለየት አለበት፤ ይህን ማስተማር የወላጅ፣ የሽማግሌና የትምህርት ቤት ግዴታ ነው። ሆኖም ለመታጠፊያው ጥብጣብ፣ ለረሃቡ ምሳ፣ ለቁስሉ ሐኪም ያዘጋጀ ጉዞ፣ ለአቀበቱ ዳር ሕዝብ ምን አዘጋጀ ብለን መጠየቅም ይገባናል። ድርጅቱ በበጎ አድራጎት ክንፉ በአፍሪካ ብስክሌቶች መለገሱን አልዘነጋሁም። የኔ ጥያቄ ግን ስለ ስጦታ ሳይሆን ስለ ትውውቅ ነው። ጎንደር ላይ ተጓዡ ያርፍ፣ ቡና ይጠጣ፣ የፋሲልን ግንብ ያይ፣ የከተማውንም ሰው ሰላም ይል ነበር። አይከል ግን ትንፋሽ ባጠረበት ሰዓት የሚታለፍ ስም ሆኖ ይቀር ነበር። ሰው የሚተዋወቀው ቆሞ ነውና፣ የአይከል ሕዝብ በማስታወሻዎቹ ውስጥ ፊት የሌለው ጩኸት ሆኖ ቀርቷል።

ዛሬ ይህ ጥያቄ ሩቅ ሊመስል ይችላል። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን የተቀሰቀሰው ጦርነት፣ ከዚያው ዓመት ሐምሌ መጨረሻ ወዲህ ደግሞ በክልላችን የተነሣው ግጭት፣ በመተማ በኩል ብስክሌተኛ ማሳለፍን የማይታሰብ አድርገውታል። የጭልጋ ሕዝብ ያጣው ብስክሌተኛን ብቻ አይደለም፤ ብዙ የከበደ ነገር አጥቷል። ነገር ግን መንገድ በተዘጋበት ጊዜ ነው ሲከፈት እንዴት እንሂድበት ብሎ ማሰብ የሚቻለው።

ስለዚህ ሦስት ነገሮችን በአደራ እሰጣችኋለሁ። አንደኛ፣ እስካሁን ያነበብነው የተጓዡን ቃል ነው። በአቀበቱ ዳር ያደገው፣ ያኔ የሮጠው ልጅ ዛሬ ጎልማሳ ሆኗል፤ ምናልባትም ከእናንተ መካከል ተቀምጧል። ምን አይቶ፣ ምን ጠብቆ፣ ለምንስ እንደ ጮኸ ጠይቃችሁ መዝግቡ። ሁለተኛ፣ ወደፊት በዚህ መንገድ ጉዞ የሚያዘጋጅ ሁሉ ከመነሻው ቀን በፊት ለየትምህርት ቤቱና ለየቀበሌው ይንገር፤ ተጓዡ «እንዴት ዋላችሁ» ማለትን ይማር፤ አይከል ላይም ቆሞ ሻይ ይጠጣ። ሦስተኛ፣ ሰላም ሲወርድ የሌላ አገር ሰው እስኪመጣ አንጠብቅ። ከጎንደር አይከል ደርሶ መልስ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ለእኛው ተማሪዎችና መምህራን የሚበቃ አቀበት አለው። መንገዱን የሚያውቅ፣ ቋንቋውን የሚናገር ብስክሌተኛ ካለፈበት በኋላ የጭልጋ ልጅ ለሚቀጥለው እንግዳ ሌላ ዓይን ይኖረዋል።

የአንድ ዝግጅት ጥራት ብዙ ጊዜ የሚለካው በሰዓት አጠባበቁና በስንቁ ነው። እኔ ደግሞ በዝግተኛው ኪሎ ሜትር ይለካ እላለሁ፤ ተጓዡ መሸሽ በማይችልበት፣ ልጁም ሊደርስበት በሚችልበት ቦታ፣ ሁለቱ ምን ተባባሉ በሚለው። «አይዞህ» ከተባባሉ ዝግጅቱ ሠምሯል።