«ለምን» ተብሎ ሲጠየቅ

አንድ የካዛንቺስ ተማሪ በፈተና ወረቀቱ ላይ ይህን አገኘ እንበል፦ «የአፍሪካ አንድነት ድርጅት መቀመጫውን አዲስ አበባ ያደረገው ለምንድን ነው?»

ብዙ ልጅ «ድርጅቱ ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. በአፍሪካ አዳራሽ ተመሠረተ» ብሎ ያልፋል። አዳራሹ እዚያው ሠፈሩ፣ ቂርቆስ ውስጥ ነውና ቀኑንም ቦታውንም በደንብ ያውቃል። የጻፈው ሁሉ እውነት ነው። የተጠየቀው ግን ምክንያት ነበር።

ለእንዲህ ያለ ጥያቄ ሦስት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። የመጀመሪያው በቀጥታ ይመልስ፦ ኢትዮጵያ ነፃነቷን ጠብቃ በመኖሯ በመሥራቾቹ ዘንድ የተከበረች ነበረች። ሁለተኛው ማስረጃ ያቅርብ፦ በ1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ቅኝ ገዢን ድል አድርጋለች። ሦስተኛው ሁለቱን ያገናኝ፦ ከቅኝ አገዛዝ ገና ለወጡ አገሮች ይህ ድል የጋራ ኩራት ስለነበር፣ ከተማዋን እንደ ራሳቸው ቤት ሊቀበሏት ቻሉ። ልጆቻችን የሚዘሉት ይህን ሦስተኛውን ነው፤ ለእኔ ግን ማሰብ የሚታየው እዚህ ላይ ነው።

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በአብዛኛው ምርጫ ነው፤ ፊደል ማጥቆር ደግሞ ሐሳብ መጻፍን አያስተምርም። ስለዚህ ሥራው የክፍል መምህሩ ነው። ተማሪ በበዛበት ክፍል እርማቱ እንደሚከብድ አይጠፋኝም። ቢሆንም መምህራን፣ በሳምንት አንድ ጥያቄ ብቻ አጽፏቸው፤ ከኤክስ ምልክት ይልቅም ኅዳጉ ላይ «ምክንያቱስ?» ብላችሁ መልሱላቸው፤ ደግመው ይጻፉት።