ብረት የነካው ካንሰር





ባለፈው ሥልጠና ማብቂያ ላይ አንድ አባት ወደ ጎን ወስደው ጥያቄ አቀረቡልኝ። የንስሐ ልጃቸው ሳንባው ላይ ካንሰር ተገኝቶበት ሐኪሞች ቀዶ ሕክምና ወስነውለታል፤ ቤተ ዘመዱ ግን «ብረት ከነካው ይሠራጫል» ብሎ አስቀርቶታል። «ምን ልበለው?» አሉኝ። በዕለቱ የሰጠኋቸው መልስ እኔንም ስላላረካኝ፣ ከዚያ ወዲህ ያነበብኩትን ዛሬ አቀርባለሁ።

የሳንባ ካንሰር በአብዛኛው የሚገድለው ከተነሣበት ስፍራ ሲሰደድ ነው። ሕዋሳቱ ከዕጢው ተላቅቀው በደም ተጉዘው አንጎል፣ አጥንት ወይም ጉበት ላይ ይሰፍራሉ። ሁሉም ዕጢ ግን እኩል አይሰደድም። ልዩነቱን የሚያመጣው ምንድን ነው?

በሕዋሳችን ውስጥ ካለው ዲኤንኤ ፕሮቲን ለመሥራት የሚያገለግለው ከመቶ 2 እጅ አይሞላም። የቀረውን አብዛኛውን ክፍል ብዙ ሊቃውንት ለረጅም ጊዜ «ውዳቂ» ይሉት ነበር፤ የቸኮለ ስያሜ ይመስለኛል። ከዚያ ክፍል ብዙው ወደ አርኤንኤ ይገለበጣልና። ከነዚህ አርኤንኤዎች አንዳንዶቹ ፕሮቲን ባይሠሩም ሌሎች ዘረመሎች መቼ እንደሚሠሩ፣ መቼ ዝም እንደሚሉ ይቆጣጠራሉ። እ.ኤ.አ. በ2024 ቪክተር አምብሮስና ጋሪ ሩቭኩን የኖቤል ሽልማት ያገኙት ከነዚህ አጫጭሮቹን በአንዲት ጥቃቅን ትል ላይ ስላገኙ ነው።

ለጥያቄያችን የሚጠቅመው ግን ከረጃጅሞቹ አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በጀርመን የሚገኙ ተመራማሪዎች ሕመማቸው ገና በመጀመሪያ ደረጃ ሳለ ዕጢያቸው የወጣላቸውን የሳንባ ካንሰር ሕሙማን መረመሩ። በኋላ ካንሰሩ የተሠራጨባቸውን ካልተሠራጨባቸው ጋር ሲያነጻጽሩ፣ በተሠራጨባቸው ዕጢ ውስጥ አንድ ፕሮቲን የማይሠራ አርኤንኤ በዝቶ አገኙ፤ ማላት 1 አሉት። ልብ በሉ፤ ልዩነቱ የታየው ተቆርጦ በወጣው ዕጢ ውስጥ ነው። የመሰደድ ዝንባሌው ቢላዋው ከመድረሱ በፊት እዚያው ነበረ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ ማላት 1 እንዲጠፋባቸው የተደረጉ የሰው ሳንባ ካንሰር ሕዋሳት በአይጥ ላይ ሲፈተኑ ስርጭታቸው ቀነሰ።

ይህ የአይጥ ሙከራ ነው። በጡት ካንሰር ላይ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ጥናት እንዲያውም ይኸው ማላት 1 ስርጭትን እንደሚገታ አሳይቷል። ስለዚህ መድኃኒቱ ደረሰ ብላችሁ ለምእመናን እንዳታበስሩ አደራ እላለሁ።

የቤተ ዘመዱ ፍርሃት ከሜዳ የመጣ አይደለም። ብዙ ሕሙማን ሐኪም ፊት የሚቀርቡት ካንሰሩ ከተሰደደ በኋላ ነው። ሳሉ መጀመሪያ የሳንባ ነቀርሳ ይመስላል፤ ምርመራው ነፃ ሲያወጣቸው ወይም መድኃኒቱን ጨርሰው ሳሉ ሳይለቃቸው ሲቀር ዳግመኛ የሚመለሱት ጥቂቶች ናቸው። ዘግይቶ የታከመው ሲሞት የተከሰሰው ብረቱ ነው። ቀዶ ሕክምና ግን ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመው ሕዋሱ ሳይሰደድ በፊት ስለሆነ፣ በክርክር ያለፈው እያንዳንዱ ወር ከሕመምተኛው ዕድል ላይ ይቀነሳል። ጠበሉን ማንም አልከለከለውም፤ ቀጠሮው ይከበርለት ነው የምንለው።

ቤተ ዘመድ ከሐኪም ይልቅ የንስሐ አባቱን ይሰማል። ስለዚህ ኮሚቴዎቻችን ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል ያለበትን፣ ደም የሚተፋውን፣ ያለ ምክንያት የከሳውን ሰው ለይተው ወደ ጤና ጣቢያ እንዲልኩ፣ ካህናትም በቀጠሮው ቀን አብረውት እንዲሄዱ እጠይቃለሁ።

ለጠየቁኝ አባት ይህንኑ በስልክ ነግሬያቸዋለሁ። በሚቀጥለው ማክሰኞ ልጃቸውን ይዘው ወደ ሐኪሙ ይመለሳሉ፤ ታላቅ ወንድሙም አብሮ ለመሄድ ተስማምቷል።